በዋርካው ቁልቁለት የሚሞተው ሞተር

ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ከፍቼ ስቀመጥ፣ በመንገዱ የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ ሳልፈልግ እመረምራለሁ። የዚህኛው ባጃጅ ማርሚታ ተቀዷል፤ የዚያኛው ሞተር ሳይክል ሰንሰለት ላልቷል፤ ወፍጮ ቤቱ ዛሬ ማሽኑን ከአቅሙ በላይ አስጨንቆታል። ባለቤቴ አስቴር፣ ደመወዝ ሳይከፍሉህ ለከተማው ሁሉ ትሠራለህ እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። አንዳንዴማ ተነስቼ መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው አስቁሜ፣ «ወንድሜ፣ ፍሪሲዮንህን አስመርምር» እላለሁ። አብዛኛው ያመሰግነኛል፤ አንዳንዱ ምን አገባህ የሚል ፊት ያሳየኛል። እኔም ይገባኛል እላለሁ በሆዴ።

አንድ ድምፅ ግን ከነቀምቴ እየጠፋ ነው። እኛ መካኒኮች «ቱ ስትሮክ» የምንለው፣ የባለ ሁለት ምት ሞተር ድምፅ። ቀጭን ነው፤ ቁጡ ነው፤ ሰማያዊ ጭሱን እየተፋ ዳገት ሲወጣ ከጎረቤት ከተማ ከጉቴ የተነሳው እዚህ የሚሰማ ይመስላል። ይህ ሞተር እንደ ሌሎቹ ዘይቱን ሆዱ ውስጥ አጠራቅሞ አይኖርም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባለት። ቤንዚን ሲያገኝ ዘይት ያገኛል፤ ቤንዚን ሲያጣ ዘይትም ያጣል። አንባቢ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ይያዝልኝ፤ የምጽፈው ነገር ሁሉ ከእሷ ነው የሚመጣው።

የተወለድኩት እዚሁ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ውጭ ኦሮምኛ እየተናገርኩ ስላደግኩ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምቆጣ ራሴም አላውቅም። አስቴር በኦሮምኛ የተቆጣህ ቀን ቶሎ ይበርድልሃል ትለኛለች። ሥራ የጀመርኩት ሲሬ ውስጥ፣ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ዳር በነበረ ጋራዥ ነው። እዚያ ፍጥነት ተማርኩ፤ ተሳፋሪው በልቶ እጁን ሳይታጠብ የተበላሸው መጠገን ነበረበት። ከዚያ ጊምቢ ሄጄ በቡና መፈልፈያ ማሽኖች ላይ ሠራሁ፤ እዚያ ደግሞ ትዕግሥት ተማርኩ። ደመወዙ በሁለቱም ቦታ የሚወራለት አልነበረም። በመጨረሻ ነቀምቴ ተመልሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ከዚያ አልተነቀልኩም።

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ በደዴሳ ሸለቆ የቆላ ዝንብን መቆጣጠር ነበር። ይህ ዝንብ ከብቱን ነክሶ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያስይዘዋል። ገንዲ የያዘው በሬ እየከሳ፣ ጠጉሩ እየቆመ ይሄድና ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። በሬው ሲወድቅ ቤቱም ይወድቃል። ሠራተኞቻችን ሰማያዊ የጨርቅ ወጥመድ በየጫካው ዳር ይሰቅላሉ፤ የታመመውን ከብት መድኃኒት ይወጋሉ። እነሱን እዚያ የሚያደርሰው ሞተር ነው፤ ሞተሩን የምናደርሰው ደግሞ እኛ ነን። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። ደዴሳ ውስጥ ቆሞ በሚያርስ በሬ ሁሉ የእኔም እጅ አለበት።

የጋራዡ አለቃ ኦቦ ፈይሳ ነበሩ። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በሲሬና በጊምቢ የተማርኩትንም ግማሹን ያስረሱኝ እሳቸው ናቸው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። መካኒክ የሚታጠበው ሲጨርስ ነው ብዬ ብስቅ፣ ሐኪምስ መቼ ነው የሚታጠበው ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ አልሳቅኩም፤ እኔም ታጠብኩ። የፈቱትን ብሎን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ በወጣበት ተራ ይደረድራሉ። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ሲያወጡ ፀሐይ ወዳለበት ሄደው መዳፋቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ጫፉ ወተት የበዛበት ቡና ከመሰለ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ከነጣ ተቃጥሏል፤ ከጠቆረ ጠግቧል። ሞተር ገጥመው ከመለኮሳቸው በፊት ደግሞ የቤንዚን ጋኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ባጭሩ ይጸልያሉ። እሳቸው ፕሮቴስታንት፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ለብረት መጸለይ መጀመሪያ የጤና አልመሰለኝም ነበር። ዓርብ ዓርብ አብረን ምሳ ስንበላ ግን ቅቤ የሌለበት አንጮቴ፣ የወለጋውን ሥራ ሥር፣ ነበር የሚያስመጡት። ለአንተ ጾም ብዬ እንዳይመስልህ፣ ለጨጓራዬ ብዬ ነው ይሉኛል። ጨጓራቸው ዓርብ ብቻ ነበር የሚታመመው።

ትልቁ ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። ሞተር ተበላሽቶ ሲመጣ መፍቻ አያነሱም። የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ነጂውን ያስቀምጡታል፤ እሳቸውም ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ።

«ስለ ሞተሩ አትንገረኝ፤ እሱን እኔ አየዋለሁ» ይላሉ። «መንገዱን ንገረኝ።»

ነጂው ግራ ይገባዋል። እሳቸው ግን ከበሩ ጀምረው ይጠይቁታል፤ ከየት ወጣህ፣ ምን ተሻገርክ፣ የት ቆምክ፣ ማን ጋር ተገናኘህ። አንድ ጊዜ በጉቴ በኩል የሚመላለስ ሠራተኛ ሞተሩ እየጋለ አስቸገረው። እኔ ካርቡራተሩን ልፈታ ስንደረደር፣ ኦቦ ፈይሳ ሰውየውን አስቀምጠው መንገዱን አስተረኩት። ወራቱ የመውቂያ ነበር፤ ሰውየው በየአውድማው መሐል ነበር የሚያልፈው። እሳቸው ተነስተው በሞተሩ የአየር ማቀዝቀዣ ክንፎች መሐል በሽቦ ቢጎረጉሩ የጤፍ እብቅ ዱቄት ሆኖ ወረደ። መፍቻ ሳይነካው ሞተሩ ዳነ። እኔ ካርቡራተሩን ፈትቼው ቢሆን እስከ ማታ እገጥም ነበር።

ኦቦ ፈይሳ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ያዝኩ። ሳጥኑንም ወረስኩ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እንደ እሳቸው አልተጠቀምኩበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ እኔው ነበርኩ የምቀመጥበት።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው ኳዶቹ የመጡት። ኳድ ማለት ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው፤ መንገድ የሌለበት ቦታ የሚሄድ፣ ወፍራም ጎማ ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል በእጅ የሚነዳ። አንድ የውጭ ድርጅት ለሸለቆው ሥራ ብሎ የሰጠን ነው። ሞተራቸው ቱ ስትሮክ ነበር። ከመኪና ላይ ሲወርዱ ከተማው ተሰብስቦ ነበር የሚያያቸው። የመሥሪያ ቤታችን ጣቢያ ኃላፊ አቶ ተፈራ እንኳን፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው፣ አንዱ ላይ ተቀምጠው ግቢውን ዞሩ።

ብዙም ሳይቆይ ሞተሮቹ መሞት ጀመሩ። ምክንያቱ ወዲያው ነው የታየኝ። ክረምት ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲንሸራተት ሞተሩ የሚታገለው ነገር ያጣል። ነጂው ደግሞ ካልወጣሁ ብሎ ጋዙን ይጠመዝዛል። ሞተሩ ከተሠራለት ዙር በላይ ይጮኻል፤ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ ተሰባብሮ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። መድኃኒቱ ዙር ገዳቢ ነው። ትንሽ ሳጥን ናት፤ ሞተሩ ከተወሰነለት በላይ ሊዞር ሲል የካንዴላውን እሳት ትቆርጥበታለች። ሞተሩ ይንተባተባል፤ ዙሩ ይወርዳል፤ እሳቱ ይመለሳል። ሳጥኖቹን እንዲልኩልን ለመንኩ፤ ሲመጡም አንድ በአንድ በእጄ ገጠምኳቸው። እያንዳንዱን ጎማው ከመሬት ከፍ ብሎ ሙሉ ጋዝ ሰጥቼ ሞከርኩ። ልክ የዙሩ ጣሪያ ላይ ሲደርስ መንተባተብ ሲጀምር እንደ ሙዚቃ ነበር የሚሰማኝ። የዚያን ክረምት ጭቃ ኳዶቹ በሰላም ተሻገሩ። አቶ ተፈራ በሠራተኛው ፊት አመሰገኑኝ። እኔም ምን ልበል፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከሳጥኗ በላይ መካኒክ የለም ብዬ አሰብኩ።

ኳዶቹ ሁሉ ዳኑ፤ ከጫልቱ ኳድ በቀር።

ጫልቱ የወጥመድና የመርፌ ሠራተኛ ነበረች፤ ከኳድ ነጂዎቹ መሐል አንዲቷ ሴት። የደዴሳ አፋፍ ላይ ያደገች፣ አባቷ በሬዎቹን በገንዲ ያጣ ገበሬ ነው። ለዚህ ነው ይህን ሥራ የምትወደው። የኮንትራት ሠራተኛ ብትሆንም ከቋሚዎቹ በላይ ትሮጣለች። መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተሽ ፎሌ አታድርጊ፣ በከባድ ማርሽ አስረሽ ውረጂ፣ ፍሬኑን አትመኚው ብያታለሁ። ያልኳትን አንዱንም አትጥልም።

የእሷ ኳድ ግን ሞተሩ ነከሰ፤ ውስጡ ተጣብቆ መዞር አቆመ። የኋላ ጎማዎቹ ድንገት ቀጥ ብለው ቆሙ። በመኪና አስጭኜ አመጣሁት፤ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አንስቼ አየሁ። ፒስተኑ ደርቆ ከሲሊንደሩ ጋር ተፋፍቋል። ፋሻው ግን አልተሰበረም። ካንዴላው ወተት የበዛበት ቡና ነው፤ ጤነኛ። ዘይት አሳንሳ ቀላቅላ ይሆን ብዬ ጀሪካኗን አየሁ፤ ድብልቁ ትክክል ነው። ገዳቢዋ ሳጥን በቦታዋ ናት፤ ትሠራለች። ሲሊንደሩን አስፍቄ፣ ፒስተን ቀይሬ መለስኩላት። እንደገና ነከሰ። ካርቡራተሩን ቀየርኩ፤ ማሸጊያውን ጓርኒሲዮን ሁሉ አዲስ አደረግኩ፤ ራሴ ወስጄ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ነዳሁት። እንደ ሰዓት ሠራ። በእሷ እጅ ሲገባ ደግሞ ሞተ። በመሐል የገንዲ መድኃኒት የሚጠብቁ ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ውለው ተመለሱ፤ እሷም የመድኃኒቱን የበረዶ ሣጥን ተሸክማ ዳገቱን በእግሯ ወጣች።

ወሬው ሌላ አቅጣጫ ያዘ። ነጂዎቹ ሳጥኗን እየነቀለች ነው የምትነዳው፣ ስትመለስ መልሳ ትሰካለች አሉ። ሴት ልጅና ሞተር ያሉም አሉ። አቶ ተፈራ ይህን ወሬ አልወደዱትም፤ ግን እሳቸውም ከላይ የሚጠይቃቸው አለ። ስብሰባ ጠርተው ጥፋቱ የሞተሩ ነው ወይስ የነጂዋ ብለው በሰው ፊት ጠየቁኝ። ጫልቱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«አላውቅም» አልኩ።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያች ቃል የከበደችኝ የለም። የጋራዡ አለቃ ነኝ፤ ሳጥኖቹን የገጠምኩ እኔ፤ የተመሰገንኩ እኔ፤ የሞተሩን ሞት ግን አላውቀውም። አቶ ተፈራ ጥቂት አሰቡና ወሰኑ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ይጠገናል፤ ከዚያ በኋላ በእሷ እጅ ከሞተ ኳዱ ለሌላ ይሰጣል፣ የእሷም ኮንትራት አይታደስም። ጫልቱ ለመውጣት ተነሣች። በበሩ አጠገቤ ቆማ በኦሮምኛ አጠራር በስሜ ጠራችኝና፣ «ያ ዘውዱ፣ እኔ ሳጥኗን አልነካሁም» አለችኝ ብቻ። አውቃለሁ አልኳት። ማወቄ ግን አልጠቀማትም።

በማግስቱ ኦቦ ፈይሳ ቤት ሄድኩ። ከእኔ ቤት ወረድ ብሎ፣ ያው ጨለለቂ ነው። ጓሯቸው ውስጥ ጎመን እየኮተኮቱ ነበር። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ፒስተኑን፣ ካንዴላውን፣ ሳጥኗን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «መንገዱን ጠየቅካት?» አሉኝ።

አልጠየቅኳትም። ገዳቢዋ ሳጥን ከገባች ወዲህ የለስላሳውን ሳጥን ረስቼዋለሁ። እሳቸው ሳቁብኝ፤ ግን ኮታቸውን ሊያመጡ ገቡ።

ጋራዡ እንደደረስን የለስላሳውን ሳጥን ገልብጠው ጫልቱን አስቀመጧት። አባት ልጁን እንደሚጠይቅ፣ አካም ጅርታ፣ ቤት እንዴት ነው፣ አባትሽ እንዴት ናቸው ከተባባሉ በኋላ መንገዱን ጠየቋት። በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ በአማርኛ ነው የምጽፈው። ጫልቱ ጀመረች። ከጣቢያው ትወጣለች፤ ትምህርት ቤቱን ታልፋለች፤ ባሕር ዛፉን አልፋ ቁልቁለቱን ትጀምራለች፤ ከታች ያለውን ወንዝ ትሻገራለች፤ ከወንዙ ማዶ ዳገቱን ልትወጣ ጋዝ ስትሰጠው ሞተሩ ይነክሳል። ሁልጊዜ እዚያው ነው።

«ቁልቁለቱ ረጅም ነው?» አሉ ኦቦ ፈይሳ።

«ረጅም ነው።»

«መሐሉ ላይ ምን አለ?»

«ዋርካው አለ።»

«ዋርካው ሥር ማን ይቀመጣል?»

«ሽማግሌዎች ናቸዋ» አለች። «ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እዚያ ነው። ሁልጊዜ አይጠፉም።»

«አንቺስ ስታልፊ ምን ታደርጊያለሽ?»

ጥያቄው ገረማት። ምን ይደረጋል በሚል ዓይን አየቻቸው።

«ቁልፉን አጠፋለሁ» አለች።

 እኔ መፍቻ ይዤ ነበር፤ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት።

ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። አባቷ በዚያ ሲያልፍ ከበቅሎው ይወርድና እየመራ ያልፍ ነበር፤ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ አይታለፍም። እሷ ከኳዱ ወርዳ በቁልቁለቱ ልትመራው አትችልም። ስለዚህ የምትችለውን አደረገች፤ ከላይ ገና ዋርካው ሲታያት ቁልፉን ታጠፋለች፤ በዝምታ ትወርዳለች፤ ወንዙ ጋ ስትደርስ ታስነሳዋለች። ሌሎቹ ነጂዎች የሌላ አገር ልጆች ናቸው፤ እየጮኹ ነው የሚያልፉት። ስለ መንዳቷ ስጠይቃት ይህን ያልነገረችኝ ደብቃኝ አይደለም። ለእሷ ይህ መንዳት አይደለም፤ ጨዋነት ነው።

እኔ ደግሞ ቁልቁለት ላይ በማርሽ አስረሽ ውረጂ ብያታለሁ። የአባቷ ትምህርትና የእኔ ትምህርት ተገናኝተው ሞተሩን ገደሉት። ቁልፉ የሚያጠፋው እሳቱን ነው እንጂ ፒስተኑን አያቆመውም። ማርሽ ውስጥ እስካለ ድረስ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከጭቃው በባሰ ፍጥነት ያዞረዋል። ጋዙ ተዘግቷል፤ ቤንዚን አይገባም፤ ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባም። ፒስተኑ በደረቁ ሲሮጥ ይወርድና፣ ወንዙን ተሻግራ ጋዝ ስትሰጠው እዚያው ይነክሳል። እኔ የኮራሁባት ሳጥን ምን ታድርግ? እሷ የምታውቀው እሳት መቁረጥ ነው፤ እሳቱ ቀድሞ ተቆርጧል።

ለጫልቱ ስናስረዳት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ለእሷ የጠፋ ሞተር የተኛ ሞተር ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው አልኳት። ቁልፉን አታጥፊ፤ እየወረድሽ በየመሐሉ ፍሪሲዮኑን ይዘሽ ትንሽ ጋዝ ስጪው፣ ጉሮሮው እንዳይደርቅ። ይጮኻል፤ ግን ይኖራል።

ራሷን ነቀነቀች። «ሽማግሌዎቹ ፊት ጋዝ አልሰጥም» አለች። «ነገ የእኔን አባት የሚያስታርቁት እነሱ ናቸው። ቁልፉን ለሌላ ስጡት።»

ተናደድኩ። በአማርኛም በኦሮምኛም ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ፈልገን አግኝተን፣ እሷ እንጀራዋን በገዛ እጇ ትጥለዋለች? ኦቦ ፈይሳ ግን ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። እሷ ልክ ናት አሉ፤ ይህ የሞተር ጉዳይ አይደለም፣ ስለዚህ የሞተር ሰው አይፈታውም።

አቶ ተፈራ መኪና ሰጡን። እኔ፣ ጫልቱና ኦቦ ፈይሳ ወረድን። ዋርካው ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ነጭ ጋቢ የለበሱ በዕድሜ የበለጡ አዛውንት አሉ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ። ከዚያ ኦቦ ፈይሳ ተነስተው ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ስለ ፒስተን አልተናገሩም። ይህች ልጅ ለእናንተ ክብር ስትል ሞተሯን በጥም ትገድለዋለች አሉ። ሞተሩ ከሞተ ሥራዋ ይሄዳል፤ እሷ ከሄደች መድኃኒቱ ይዘገያል። ጫልቱ መሬት መሬት ታያለች።

 አዛውንቱ ከአጠገባቸው ወዳሉት ዞረው፣ «እኔ የእሷ ሞተር ዝም የሚል ዓይነት መስሎኝ ነበር» አሉ። «የሌሎቹ ይጮኻል፣ የእሷ ጨዋ ነው ስል ነበር።» ሳቅ ሆነ። ጫልቱም ሳቀች፤ ሲጨንቃት ከርሞ ነውና ሳቋ ከእንባ ጋር ነበር።

ከዚያ አዛውንቱ ወደ እሷ ዞሩ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ እዚህ ሲደርስ ከበቅሎው ይወርድ ነበር። እኔ አይቻለሁ። የበቅሎዋን ኮቴ ግን በጨርቅ አላሰረም። ኮቴዋ ይሰማን ነበር፤ ማን እንደመጣ የምናውቀውም በእሱ ነበር። አንቺ መውረድ ካልቻልሽ እጅሽን አንሥተሽ ሰላም በይን። ድምፁን ተዪው፤ ይምጣ። እኛ እስክታልፊ ወሬያችንን እናቆማለን።»

ሌሎቹ ተስማሙ። አዛውንቱ ተነስተው መረቋት፤ ሲጨርሱ «ነጋዻን ዴሚ» አሏት፣ በሰላም ሂጂ ማለት ነው። ኦቦ ፈይሳ አንገታቸውን ደፍተው አሜን አሉ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ሞተሩን ጠግኜ የመለስኩላት ቀን ከወንዙ ማዶ ቆሜ ጠበቅኳት። ኦቦ ፈይሳም አብረውኝ ነበሩ። ከላይ፣ ከባሕር ዛፉ በኩል ድምፁ መጣ። ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያ ትር፣ ትንሽ ቆይቶ ትር። ዋርካው ጋ ሲደርስ የሽማግሌዎቹ ራስ ወደ መንገዱ ሲዞር ከሩቅ አየን። እጇ ወደ ላይ ተነሣ፤ የእነሱም እጅ ተነሣ። ትር እያለች ወረደች፤ ወንዙን ተሻገረች። ዳገቱ ሥር ጋዝ ስትሰጠው እኔ የኋላ ጎማዎቹን አየሁ። ኳዱ በአጠገባችን ሽቅብ ወጣ፤ ጭሱን ፊታችን ላይ ተፍቶ አለፈ። ኦቦ ፈይሳ ጭሱን ወደ ውስጥ ሳቡት። መጥፎ ሳንባ እንደነበራቸው አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን አልከለከልኳቸውም።

ያ ሞተር ከዚያ በኋላ በዚያ ቁልቁለት አልነከሰም። አቶ ተፈራ የጫልቱን ኮንትራት ማደስ ብቻ ሳይሆን ቋሚ እንድትሆን ተሟገቱላት፤ ቆይቶም ሆነች። እኔም ለአዲስ ነጂ ሁሉ ትምህርቱን የምጀምረው በሳጥን ሆነ፤ በገዳቢዋ ሳይሆን በለስላሳው። ተማሪው እዚያ ላይ ይቀመጥና ከቤቱ በር ጀምሮ መንገዱን ይነግረኛል። ማን ዛፍ ሥር እንደሚቀመጥ ጭምር። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት ሰጡኝ፤ እኔ ሳጥኑን ጠይቄ ወሰድኩ። አሁን በረንዳዬ ላይ የምቀመጠው እሱ ላይ ነው።

ኳዶቹ አርጅተው በአዳዲስ፣ ድምፃቸው ለስላሳ በሆኑ ሞተሮች ተተኩ። ቀስ በቀስ አብዛኞቹ ወደ ግቢው ጥግ ሄደው ዛጉ። ጫልቱ፣ አሁን የቡድን መሪ ሆናለች፣ የእሷን አልሰጥም ብላ የቀረችውን አንዲት ቱ ስትሮክ እስካሁን ትነዳለች። መለዋወጫ ስታጣ ወደ እኔ ትመጣለች፤ እኔም ከዛጉት እየፈታሁ እሰጣታለሁ።

በቅርቡ ኦቦ ፈይሳ አረፉ። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ከቤታቸው በር ላይ፣ የጨለለቂ መንገድ ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ ነው። ሰው ብዙ ነበር፤ ከሲሬም ከጉቴም የመጣ አለ። እኔ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጫለሁ። በመንገዱ የሚያልፉት ባጃጆች ድንኳኑን ሲያዩ ቁልፍ እያጠፉ፣ በፎሌ በዝምታ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። እንዲህ ነው የሚደረገው።

ዘማሪዎቹ ዝም ባሉበት ሰዓት ከላይ አንድ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ ቁጡ። ዝቅ አለ፤ ከዚያ ትር አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ትር። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ፊቱን አጨፈገገ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው፣ ይሄ ደግሞ የምን ባለጌ ነው፣ ለቅሶ አይታየውም ብሎ ሊነሣ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«ተወው» አልኩት። «ሽማግሌ ፊት በድምፅ እንድታልፍ ያስፈቀዱላት ኦቦ ፈይሳ ናቸው።»

ጫልቱ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ጭቃው ጫማዋ ላይ ነው። ድንኳኑ ጋ ስትደርስ አንድ እጇን ከመሪው አንሥታ ወደ ላይ ዘረጋች። ሞተሩ ግን አልጠፋም። እየወረደ ትር ይላል፤ ዘይቱን እየጠጣ፣ እየኖረ። እኔም እጄን አነሣሁላት፤ ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ መጀመሪያ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።